በሁለቱም እግሬ ዘልዬ ገባሁ

አይ፣ አይ፣ ጋሽ ታደለ፣ ዛሬ አላቋርጥም። «መብራት መጣ አልመጣ በራሱ ጊዜ ነው፤ ይሄ ምኑ ይመሰከራል?» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ጤነኛ ነው። ወንጌላዊም ማይኩን ሲሰጠኝ «አጠር አርገው» ብሎኛል። አላሳጥርም። ሥራ አጥቼ ሦስት ዓመት ስንከራተት አጠር ያለልኝ ነገር የለም። ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ፤ እኔ ይመር ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። መቆምስ ለምጃለሁ፤ አደባባይ ስቆም ነው የኖርኩት።

ሌሎች ሲመሰክሩ ሰምቻለሁ። ሰካራም ነበርኩ፣ ሌባ ነበርኩ፣ ጫት ቤት ነበር ውዬ የማድረው ይላሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልነበርኩም። ሥራ ፈላጊ ነበርኩ፣ በቃ። ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቀረ፤ ጉልበቴ ግን አልቀረም። መካነ ሰላም ውስጥ ኩንታል በአንድ ትከሻ ተሸክሞ እየዘፈነ የሚሄድ ከኔ ሌላ ካለ ይነሳ። አያችሁ፣ ማንም አልተነሳም።

መጀመሪያ ዳቦ ቤት ገባሁ። ሳልከርም ምድጃው ተደረመሰ። ያ ምድጃ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እየተሰነጠቀ የኖረ ነው፤ ግን የወደቀው እኔ ስገባ ነው። ቀጥሎ ወደ ከላላ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆንኩ፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ነደደ። ሻይ ቤት ተቀጠርኩ፤ ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ተፋቱ። እኔ ምን አገባኝ? ብርጭቆ ነበር የማጥበው። ከዚያ በኋላ «ይመር እግሩ ደረቅ ነው» ተባለ። የረገጠው ቤት አይቆምም፣ ገደ ቢስ ነው ተባለ። ያለ ዳኛ፣ ያለ ምስክር ወሬ ፈረደብኝ።

ጠዋት ጠዋት አደባባዩ ላይ የቀን ሥራ ፈላጊዎች እንቆማለን፤ የግንበኞቹ አለቃ መጥቶ በጣቱ ይመርጣል። አንተ ና፣ አንተም ና። አንድ ቀን ሳል የሚያጣድፋቸውን ሽማግሌ ወሰደና እኔን ዘለለኝ። ወግዲ ከተማ ልሞክር ብዬ ሄድኩ፤ ወሬው በመኪና ቀድሞኝ ኖሯል፣ እኔ በእግሬ ነበርኩ። እሺ ይሄ ሁሉ ይሁን። ያንገበገበኝን ልንገራችሁ? እናቴ በጠዋት ጨው ግዛ ብላ ላከችኝ። ባለሱቁ ገና ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ ከበር አቆመኝ።

«ይመር፣ አትቀየመኝ ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ይቅደምና ትገባለህ።»

ጨው ለመግዛት ሰው እስኪቀድመኝ ደጅ ቆምኩ። ወላሂ ያን ቀን... ይቅርታ ወንጌላዊ፣ አንደበቴ ገና አልዳነም። ያን ቀን ጨውም ሳልገዛ ተመለስኩና እናቴን «በየመን በኩል ሳውዲ ልሄድ ነው፣ ደላላ አግኝቻለሁ» አልኳት። አላለቀሰችም። «ሬሳህን ማን ያመጣልኛል?» ብቻ አለችኝ።

እዚህ አዳራሽ የመጣሁት ጌታን ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ልሄድ ስል አንድ ጓደኛዬ «እነሱ ጋ ለአይነ ጥላ ይጸለያል፣ ምን ይጎዳሃል» አለኝ። እሁድ መጣሁ። ወንጌላዊ እጁን ጫነና «የአይነ ጥላ መንፈስ፣ ልቀቀው» አለ። ምንም አልሆንኩም። ደገመ። ላቡ ወረደ። አሳዝኖኝ ልውደቅለት እንዴ ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር።

ይሄኔ እትዬ ዘነቡ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። አዲስ ወፍጮ ሊከፍቱ ሽር ጉድ የሚሉበት ሰሞን ነው።

«ወንጌላዊ፣ ይቅር በለኝና፣ እዚህ ልጅ ላይ ምንም የለም። ወሬ ነው ያለው። ወሬው ደግሞ ያለው እኛ ላይ ነው፤ እጅህን እኛ ላይ ጫን።»

እሳቸው ቀጠሉ። «ማክሰኞ ወፍጮዬ ይከፈታል። በሩን የሚከፍተው፣ መጀመሪያ የሚረግጥልኝም ይመር ነው። እዚያው ይሠራል።»

ጋሽ ታደለ፣ ያኔ ምን አሉ? «እኅቴ ዘነቡ፣ ገንዘብሽን አፈር አታልብሺው» አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነዎት እኮ። ቅዱሳን፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ባለሱቁስ አላወቀም። እናንተ እሁድ እሁድ «ጌታ ጋሻዬ ነው» እያላችሁ ሰኞ የኔን እግር ትፈራላችሁ?

ደላላውን እስከ ረቡዕ ጠብቀኝ አልኩት። ማክሰኞ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሰርግ አይደለም፣ ገበያ አይደለም፣ የኔን እግር ሊያዩ ነው። ቁልፉን ከፈትኩና ዞር ብዬ «የትኛው ነው ደረቁ? ቀኙ ነው ግራው?» አልኳቸው። በሁለቱም ዘልዬ ገባሁ። እትዬ ዘነቡ ብቻቸውን እልል አሉ። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ወፍጮው አጓራ፣ ገብስ ገባ፣ ወዲያው መብራት ጠፋ።

ከደጅ አንዱ «አላልኳችሁም?» አለ። ሰዉ መበተን ጀመረ። እኔ ጃኬቴን አነሳሁ። ቀጥሎ የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ «ይመር፣ አትቀየመኝ» ነው።

«የት ልትሄድ ነው?» አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

«መብራት ጠፋ እኮ፣ እትዬ።»

«የጠፋው በከተማው ሁሉ ነው። ከተማውን ሁሉ አንተ ረገጥከው? መጥረጊያውን አንሳና ጥረግ፤ መብራት ሲመጣ ቤቱ ቆሽሾ እንዳያገኘው።»

ጠረግኩ። እያለቀስኩ ጠረግኩ፤ አቧራ ነው ብዬ ዋሸኋቸው። ጌታን የተቀበልኩት እዚያ ነው፣ መጥረጊያ ይዤ፤ እትዬ ዘነቡ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጸሎቱን አስደገሙኝ። ክብር ለስሙ ይሁን። መብራቱ ያን ቀን አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። ረቡዕ ደላላው ያለኔ ሄደ። እኔ ጨለማ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ስለዚህ ጋሽ ታደለ፣ ልክ ብለዋል፣ መብራት በራሱ ጊዜ ይመጣል። እኔ ስለ መብራት አልመሰክርም። መብራት ሳይመጣ ስላለመባረሬ ነው የምመሰክረው። ጌታ ይባረክ።

አሁን ወፍጮው በኔ እጅ ነው። ድንጋዩን የምወቅረው ራሴ ነኝ፤ የኔን የሚያህል ደቃቅ ዱቄት እስከ ኩታበር ብትሄዱ አታገኙም። እናቴ እንኳን «ሃይማኖትህን አልወደድኩልህም፣ ዱቄትህን ግን» ብላኛለች። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ያ ባለሱቅ። ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው። «ይመር፣ እግርህ እርጥብ ነው አሉ፤ መጀመሪያ አንተ ግባልኝ» አይለኝም? ደሜ ፈላ። «እግሬ ደረቅም እርጥብም አይደለም፣ እግር ነው፤ ጫማ ነው የሚገባበት። ሱቅህን ለጌታ ስጥና ራስህ ግባ» ብዬ መለስኩት።

ወገኖቼ፣ ያላመናችሁ ዛሬ እመኑት፤ እኔን ያልጣለ እናንተን አይጥልም። ያመናችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት አደባባዩ ጋ ሂዱ። ሁልጊዜ የሚዘለል አንድ ልጅ አይጠፋም፤ እሱን ውሰዱት። ይመር ጨምሮ ነው የሚያወራው የምትሉ ካላችሁ፣ ያን ማክሰኞ ወፍጮ ቤቱ ደጅ የነበረ ማንንም ጠይቁ። መብራቱ ሲጠፋ ገብሳቸውን ጥለው መጀመሪያ የሮጡት ሰው ማን እንደሆኑም አብራችሁ ጠይቁ። ጋሽ ታደለ፣ እኔ ልንገራቸው ወይስ ሄደው ይጠይቁ?