የዓለም ዋጩ የሥራ አፈጻጸም

ሰውዬው ፈሪ ነው። ፈሪ ስል እንደ እኔና እንደ እናንተ አይደለም። ስልክ ሲጠራ ከማንሳቱ በፊት የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ የሚቆልፍ፣ ሐኪም ደህና ነህ ሲለው ምን ያህል ደህና እንደሆነ በጽሑፍ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። በሳሙና ፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ያተረፈው ቅጽል ስም “ሚዛን” ነው። በየስድስት ወሩ የአራት መቶ ሠራተኞችን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጽ የሚያሰባስበውና ነጥቡን የሚደምረው እሱ ነዋ። ቅጹን እንደ ልጁ ይወደዋል። የቱንም ያህል የሚያስፈራ ሰው በአምስት መስፈርት ተከፋፍሎ ከመቶ ነጥብ ሲሰጠው እንዴት ኩምሽሽ እንደሚል ያውቃል።

የጠፈር ኃያላን ወደ ቤቱ የገቡት በልጁ በኩል ነው። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጁ የልዕለ ጀግኖች ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ትሰበስባለች። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሶፋው ላይ የተወችውን አንዱን ገለጥ ቢያደርግ ዓለም ዋጩ ፊት ለፊት አፈጠጠበት፤ ራሱ ከጨረቃ የሚተልቅ፣ ፕላኔት እንደ ክኒን የሚውጥ፣ ውጦም ይቅርታ የማይል ፍጡር። ሚዛን ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ አለው። በአራተኛው ቀን ከቢሮ ባዶ ቅጽ ይዞ መጣና ሞላለት። ሰዓት አክባሪነት፣ ሃያ ከሃያ፤ አርፍዶ የበላው ፕላኔት የለም። በራስ ተነሳሽነት መሥራት፣ ሃያ። የሥራ ጥራት፣ ሃያ፤ ፍርፋሪ አይተውም። መመሪያ ማክበር፣ ሃያ፤ የሚያዘው ስለሌለ ጥሶ አያውቅም። ከባልደረቦች ጋር ተግባብቶ መሥራት፣ አሥራ ስድስት፤ አልፎ አልፎ ይውጣቸዋል። ድምር፣ ዘጠና ስድስት። ያን ቀን እራቱ ወረደለት።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የጠፈሩን ኃያላን በየተራ ይመዝኑ ጀመር። የተጣሉት በአንደኝነቱ ላይ ነው። ልጅቷ የምትደግፈው የዝምታ እናትን ነበር፤ እጇን ስታነሳ ጊዜን ቀጥ የምታደርገዋን።

“አባዬ፣ ዓለም ዋጩ ለመዋጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። ጊዜ ከቆመ በምን ይውጣል?”

አባትየው ሰዓት የምታስቆም ሠራተኛ በሰዓት አክባሪነት ዜሮ እንደምታገኝ አስረዳት። ልጅቷ ሁለት ቀን አኮረፈችው። እሱም ነገሩ ከንክኖት፣ በምሳ ሰዓት ረጋ ብሎ ሊያየው የዓለም ዋጩን ቅጽ ይዞ ቢሮ ገባ።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ቅጹን ዘርግቶ ሳለ ስልክ ጠራ። የአንገቱን ቁልፍ ለመቆለፍ ሁለት እጅ ያስፈልገው ስለነበር ወረቀቱን አጠገቡ ካለው ክምር ላይ አሳረፈው። ጸሐፊዋ መጣች፣ ክምሩን አቀፈች፣ ወደ ሥራ አስኪያጇ ይዛው ሄደች። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ስትፈርም አታነብም። ስልክ እያወራች፣ ሻይ እየጠጣች፣ ሾፌሯን እየተቆጣች በአንድ ትንፋሽ አርባ ቅጽ ትፈርማለች፤ ጸሐፊዋ ከኋላ ከኋላ ማህተም ትመታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ከክምሩ ትልቁን ነጥብ መርጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፈች፦ የግማሽ ዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ፣ ዓለም ዋጩ፣ ዘጠና ስድስት ነጥብ። ዓርብ በጠቅላላ ስብሰባ ይሸለማል።

ሚዛን ሰሌዳው ፊት ቆሞ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ። በፋብሪካው ደንብ የሌለን ሠራተኛ እንዳለ አድርጎ መዝግቦ መገኘት ከሥራ ያባርራል፣ ለፖሊስም ያሰጣል። ደንቡን ያረቀቀው ደግሞ ራሱ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ዓለም ዋጩ ማነው ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነበር። ምርጡን ሠራተኛ አላውቀውም ማለት የሚያሳፍር ሆነ። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ሰላም ብሎት እንደሚገባ ተናገረ። የቦይለሩ አለቃ እኔ ነኝ ሥራ ያስተማርኩት አለ፤ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊዋ ከእኛ ክፍል ነው በሚል ከእሱ ጋር እስከ መተናነቅ ደረሰች። ሚዛን በየኮሪደሩ ይህን እየሰማ ግድግዳ ታክኮ ያልፋል። በወረቀት አሳንሶ ያስቀመጠው ፍጡር በሰው አፍ በየሰዓቱ እየተለቀ ነበር።

ረቡዕ የሥራ አስኪያጇን በር አንኳኳ። ቆሞ፣ ኮሚኩንም ልጁንም ክምሩንም ሳያስቀር ተናዘዘ። ትጮሃለች ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ሲገልጥ የብዕሯን ክዳን በተገላቢጦሽ ልትከድን እየታገለች ነው፤ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነበር።

“ሌላ ማን ያውቃል?” አለችው ቀስ ብላ።

“ልጄ ብቻ ናት፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ሥራ ለቋል። ክሊራንሱን አዙረህ አስፈርምና ዓርብ ከስብሰባው በፊት ፋይሉ ተዘግቶ ይምጣልኝ። አንድ ፊርማ ከጎደለ ግን፣ እኔ ይህን ቅጽ አይቼው አላውቅም። የመዘንከው አንተ ነህ።”

ክሊራንስ ማለት የለቀቀ ሠራተኛ የፋብሪካው ዕቃ እጁ ላይ እንደሌለ እያንዳንዱ ክፍል ፈርሞ የሚያረጋግጥበት ወረቀት ነው። ሐሙስ ጠዋት ሚዛን ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድስት በጣቱ ጫፍ ይዞ ተነሳ። የቦይለሩ አለቃ እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ አይገኝም ብሎ ፈረመ። የክሊኒኩ ነርስ ደም ግፊቱን ይከታተል የሚል ማሳሰቢያ ጨምራ ፈረመች። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መዋጮውን አጓድሎ እንደማያውቅ መስክሮ ፈረመ። የቀረው ንብረት ክፍል ብቻ ነበር።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከስቶሩ መስኮት ኋላ የሚቀመጥ፣ ዝግ ያለ ሽማግሌ ነው። ወረቀቱን አነበበና መለሰለት።

“ቦቲውስ?”

“የምን ቦቲ፣ ጋሼ?”

“የሥራ ጫማው ነዋ፣ አርባ አምስት ቁጥር። በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት። ቦቲውን ሳያስረክብ አልፈርምም።”

ሚዛን ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ራቀ። ሌሎቹ ያወሩት ወሬ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ግን ቁጥር ተናገረ። በሕይወቱ ቁጥርን ተጠራጥሮ አያውቅም። ከሽማግሌው ኋላ ያለውን ረጅም ጨለማ የስቶር ኮሪደር አየ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

“ምን ይመስላል?”

“ረጅም ነው” አለ ሽማግሌው። ትንሽ አሰበና፣ “ወሬ አያበዛም” ብሎ ጨመረ።

ሚዛን እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አያውቀውም። የእሱ እግር አርባ ቁጥር ነው፤ በዚያ ላይ ቦቲ የለውም። ሚስቱ ነገሩን ሰምታ መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ፊቱን ስታይ ተወችና ለወንድሟ ደወለች። ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እግሩ ታንኳ ነው። ቦቲውን ይዞ መጥቶ ለማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ሚዛን ሥራ ለለቀቀ ሰው ነው አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገረው ውሸት አልመሰለውም፤ ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

ዓርብ ጠዋት ቦቲውን በፌስታል አስረከበ። ሽማግሌው ሶሉን አገላብጦ አየ፣ ውስጡን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ፣ ፈረመ። ከዚያ ዞር ብሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። መደርደሪያው ላይ የአርባ አምስት ቁጥር ቦታ ብቻ ባዶ ነበር፤ የንብረት ቆጠራ ደግሞ ሰኞ ነው። ሚዛን ገባው፤ ጉድለቱ የሽማግሌው የራሱ ነበር። ሽማግሌውም ሚዛን እንደገባው አየና የፈረመበትን ወረቀት በመስኮቱ አቀበለው።

በስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጇ ምርጡ ሠራተኛ የተሻለ ሥራ አግኝቶ መልቀቁን ስትገልጽ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። የቦይለሩ አለቃ ዓይኑን ጠረገ። ሚዛን ሥራው ተርፎለት ቢሮው ተመለሰ፤ ፋይሉን የለቀቁ ሠራተኞች ካቢኔት ውስጥ ከትቶ ቆለፈ፣ መቆለፉን ሁለት ጊዜ ፈተሸ። ቦቲው ከማን እጅ እንደጎደለ አሁን ያውቃል፤ ዓለም ዋጩም ወረቀት መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም ወንበሩን አዞረው፤ ለዚያ ካቢኔት ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ አልሆነለትም።