ግራሶ የማይወደው ኩሽኔታ

ዲላ ከተማ ዳር ባለ ቡና መቀሸሪያ በመካኒክነት ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የሚዞር ነገር ሁሉ ግራሶ ይፈልጋል ተብዬ ነው ያደግሁት። ጠዋት ኩሽኔታዎቹን ሁሉ ሳልቀባ እህል አልቀምስም ነበር።

ዘንድሮ የመቀሸሪያው ባለቤት ሌላ ነገር አመጡ። ቡና ሽታ ይስባል፤ ገዢዎች "ግራሶ ግራሶ ይላል" ብለው ቡናውን መልሰውባቸዋል። ስለዚህ ከወናጎ የመጣ የቶርኖ ባለሙያ የማሽኑን ዘንግ የሚሸከሙትን ኩሽኔታዎች በነሐስ ቀየራቸው። ነሐሱ ተበሳስቶ የመጻፊያ እርሳስ መሐል ያለው ዓይነት ጥቁር ነገር ተጠቅጥቆበታል። ዘንጉ ሲዞር ጥቁሩ እየተፋቀ ያለሰልሰዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ በደረቁ ነው የሚሠራው። ጠብታ ግራሶ እንዳያስነኩት፣ ብናኝ ይይዛል" አለኝ። እሺ አልኩት፤ ግን አላመንኩትም።

ፍርሃቴ የጀመረው ያን ቀን ነው። ማሽኑ ሥር ቆማ ጀንፈል፣ ገና ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ የምትሞላው የገዛ ሚስቴ ነበረች። ደረቁ ኩሽኔታ ነክሶ ቢይዝ፣ ዘንጉ ተቆርጦ እሷ ላይ ቢወረወርስ? ጆሮዬ ከዚያ አልነቀል አለ። ምሳም አልዋጥ አለኝ። እሷ "ፈሪ ለእናቱ" እያለች ትስቅብኛለች። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ግራሶ በጣቴ ዝቄ ጥቅጥቅ አድርጌ ቀባሁት። ያን ቀን ጠግቤ በላሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የገለባው ብናኝ ግራሶው ላይ ተጣብቆ እንደ ጭቃ ጠጥሯል፤ ኩሽኔታው ግሎ ይጨሳል። ሚስቴ ጀርባዋን ሰጥታ ጆንያ ትፈታለች፣ ከኋላዋ ኩሽኔታው ሥር የገለባ ክምር አለ። ጮህኩ፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁት። ገለባው ግን ባንድ ጎኑ እሳት ይዞ ነበር፤ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች በራሰ ጆንያ ደብድበው አጠፉት። የሚስቴ ነጠላ ጫፉ ተቃጠለ።

ባለቤቱ የወናጎውን ባለሙያ ይሰድቡ ጀመር። "ያ ደረቅ ነገሩ ሊፈጀን ነበር!"

ዝም ማለት እችል ነበር። ፈራሁ፣ ግን ሰውየው በኔ ጥፋት ተሰድቦ ኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

"ጋሼ፣ እሱ የለበትም። ግራሶ የቀባሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ሚስቴ ሰማች። ቤት ስንገባ ጫፉ የተቃጠለውን ነጠላ ፊት ለፊቴ ሰቀለችው።

ባለሙያው መጥቶ አዲስ ነሐስ ካስገባ በኋላ ማሽኑ ሊነሳ ሆነ። ሚስቴ ቦታዋ ላይ ከመቆሟ በፊት ወደ እኔ መጣች።

"እጅህን አሳየኝ" አለችኝ።

በሰው ፊት ሁለቱንም መዳፌን ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየቻቸው፣ አሸተተቻቸው፣ ከዚያ ጆንያዋን አነሳች።