አምቡላንሱ ከሚቆምበት በላይ

አምቡላንስ መንዳት የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ ያሳፈርኩት ሰው የምታምጥ ሴት አልነበረችም። ስለ እናቶች ጤና ሊሰበሰብ የሚሄድ ባለሥልጣን ነበር። ቦርጩን አይቶ የተሳሳተ ሰው ቢኖር ግን አልፈርድበትም።

ጠዋት የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከጀርባቸው አዲስ ሰሌዳ ተተክሏል፤ በወረዳችን አንዲትም እናት በወሊድ ምክንያት እንደማትሞት ይናገራል።

«አቶ ይመር፣ መንግሥት ቃል ገብቷል። ከእንግዲህ ቃሉ በእርስዎ እጅ ነው» አሉኝ።

«ናፍጣውስ በማን እጅ ነው?» አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ የጠየቅሁት ግን የምሬን ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ ሽንኩርት የማመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ስለነበርኩ ከመንገድ በፊት የማስበው ናፍጣ ነው።

ሥራውን ያለማመደኝ ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር ነው። ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ አለኝ። የቆምክበት ቦታ ሁሉ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙረህ አቁማት፣ ሰው ጭነህ የኋላ ማርሽ ስትፈልግ አትገኝ አለኝ። ሾፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም የሚለውን ደግሞ ደጋግሞ ነገረኝ። እንግዲህ የመጨረሻውን አንድ ቀን አፍርሼዋለሁ፤ የምነግራችሁም ስለዚያ ቀን ነው።

የእኛ መኪና የምትደርሰው ወደ አምባሰል በሚያወጣው ዳገት ላይ እስካለው ትልቅ ዋርካ ድረስ ነው። እዚያ መንገዱ ያልቃል። ወደ ታች ሐይቁ ይታያል፤ ወደ ላይ ያለው የእግር መንገድ ብቻ ነው፣ እሱም አንዳንድ ቦታ ለፍየል እንኳ ይጠባል። ከላይ ካሉት መንደሮች የታመመ ሰው የሚወርደው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛውን የሚሸከመው ቅሬው ነው።

ሌላ አገር ዕድር የሚሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይወጣል። ለቀብር የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን ያልከፈለ ደግሞ እሱ የሞተ ቀን ማን እንደሚቀብረው ይወቅ። ስለዚህ ለቀብር የሚቀር የለም።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ የላይኛው መንደር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰብለ ደወለች። «አያ ይመር፣ በሞትኩት ቶሎ ና! ሰዓዳ ናት። ምጧ ከትናንት ጀምሮ ነው፣ ልጁ አግድም ተኝቷል። እዚህ ሆና መገላገል አትችልም።»

ከጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርሷን ይዤ ወጣሁ። ዋርካው ሥር ስንደርስ ግን ማንም የለም። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ጠበቅን። መልሼ ደወልኩ።

«አልጋደምም አለች» አለች ሰብለ። «ቃሬዛው ላይ አልጋደምም አለች።»

ለኃላፊው ደወልኩ። «እርስዎ ከመኪናው እንዳይርቁ!» አሉ። እሺ ብዬ ዘጋሁና ሞተሩን አጠፋሁ። የመኪናዋን የበሽተኛ አልጋ ከማሳው ከጠራሁት አንድ ማሽላ ጠባቂ ጋር ተጋግዘን ተሸከምነው፤ ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ ቀደመችን። ያን ዳገት ስወጣ ስንት ጊዜ ራሴን እንደረገምኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሰዓዳ የበሩን መቃን አቅፋ ቆማ ነበር። ላቧ ይወርዳል። ባሏ ሳዑዲ ነው፤ የምትኖረው ከአማቷ ከእትየ ዘሀራ ጋር ነው። ግቢው ውስጥ ወንዶች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ ለተሸካሚ መቀያየሪያ እንኳ አይበቁም። የቅሬው ዳኛ አያ ደምሌ ቃሬዛውን አጥሩ ላይ አስደግፎ አንገቱን ደፍቷል።

«ሌላው ሰው የታል?» አልኩት።

«ገበያ ነው። ጠርተናል... ምጥ እኮ ቀብር አይደለም፣ የሚቀጣው የለ» አለኝ።

«እኅቴን ያወረዳችሁበት እንጨት ላይ አልወጣም!» አለች ሰዓዳ። «ገደል ጨምሩኝ እንጂ አልወጣም!»

ነገሩን ሰብለ በጆሮዬ ነገረችኝ። የሰዓዳ ታላቅ እኅት እንዲሁ ምጥ ጠንቶባት ነበር። ተሸካሚ እስኪሟላ ቀኑ መሸ፤ መንገድ ላይ እዚያው ቃሬዛው ላይ ሞተች። ቃሬዛውን እዚያው አዙረው ወደ ቤቷ መለሷት። በማግስቱ በዚያው ቃሬዛ ወደ መቃብር ስትሄድ አገር ምድሩ ወጣ፤ አንድ ሰው አልቀረም።

ሰዓዳን የመኪናዋ አልጋ ላይ ልናስተኛት ሞከርን። አልጋው ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ መያዣው አጭር፣ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር ይቀረቀራል፣ ትከሻ ላይ ደግሞ ይቆርጣል። ከግቢው ደጃፍ ሳንርቅ ሊጥላት ነበርና መለስናት።

ነርሷ አያት። «ማህፀኗ ሊተረተር ይችላል። ካሁን በኋላ የምትቆዩት በእሷ ሕይወት ነው» አለችን።

«ልጄ ሳይሰማ የትም አትሄድ» አለች እትየ ዘሀራ። «ይደወልለት።» ተደወለ። አያነሳም፤ ሥራ ላይ ነው።

«እትየ፣ ለመታከም የባል ፈቃድ አያስፈልጋትም። ሕጉ እንደዚያ ይላል» አለች ሰብለ።

«ሕጉ ይውለድላታ እንግዲህ!»

ይሄን ጊዜ ነው ሰዓዳ ወደ ውስጥ የጠቆመችው። ጥግ ላይ የጠፍር አልጋዋ አለ፣ ወፍራም የወይራ ቋሚ ያለው። «እሱ ላይ ተሸከሙኝ። እግሩን ቁረጡት፣ ግራና ቀኝ እንጨት እሰሩበት።»

«በልጄ ላብ የተገዛ አልጋ?» አለች አማቷ።

«እኔስ የማንን ልጅ ነው የተሸከምኩት? ቁረጡት አልኩ እኮ!»

ወንዶቹ አልተንቀሳቀሱም። ቤቱ የእትየ ዘሀራ ነው፣ እሷን አልፎ የሚገባ የለም። እኔም በሰው ቤት ምን አገባኝ ብዬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ምጡ መጣ። ሰዓዳ የጮኸችውን ጩኸት አልገልጸውም። እትየ ዘሀራ ወደ ጓዳ ገባችና መጋዝ ይዛ ወጣች። አያ ደምሌ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ታየኛለህ? ቁረጥ!»

አልጋው በበሩ አልወጣ ስላለ መቃኑንም ነቀልን። ሰዓዳን በጋቢ ጠቅልለን አስተኛናት። ሴቶቹ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይላሉ፣ ክርስቲያኗም እስላሟም «ማርያም ትቅረብሽ» ይላሉ። ተሸካሚ ስላነሰ እኔም ትከሻዬን ሰጠሁ።

ሬሳ ሲወርድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። እኛም ስንነሳ እግራችን በልማዱ እንደዚያ ሊሄድ ሆነ። አያ ደምሌ ጮኸ፦ «ዝም እንዳትሉ! የሚሞት ሰው አልያዝንም!» ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተጨቃጨቁ፤ የጎረቤታቸውን በሬ አሙ፤ የእኔን ማለክለክ እያዩ «አምቡላንስ ለአያ ይመር ጥሩለት!» እያሉ ተሳለቁብኝ። ሰዓዳ ምጡ ለቀቅ ባደረጋት ቁጥር «አትሳቁ፣ ትጥሉኛላችሁ» ትላለች። ጫጫታውን ሰምተው ከማሳቸው ሮጠው የመጡ ሰዎች ትከሻ ቀየሩን።

ዋርካው ሥር ስንደርስ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙራ ቆማለች። ጫንን፣ ሄድን። ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ተረፉ። ያን ዕለት መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት ስጭን እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብኝም።

ኃላፊው በማግስቱ ጠሩኝ። መኪና ጥሎ መሄድ ያስቀጣል አሉና ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ያንኑ ሳምንት ደግሞ ለዞን በላኩት ሪፖርት ሰዓዳን በአምቡላንስ አገልግሎት የተረፈች እናት ብለው አስገቧት። ማስጠንቀቂያውም ሪፖርቱም ትክክል ነበር።

ሰዓዳ አራስነቷን ስትጨርስ አያ ደምሌ ደወለልኝ። «ቅሬው ሊሰበሰብ ነው፣ አንተም ተሸካሚ ነበርክና ና» አለኝ። ሄድኩ። ወንዶቹ ተሰብስበው ስለ አንድ የጠፋ ድስት ሲከራከሩ ሰዓዳ ልጇን አዝላ መጣችና መሐል ቆመች። በዚያ ቅሬ ሴት ተነሥታ ተናግራ አታውቅም።

«አንቺ አባል አይደለሽም። የተመዘገበው ባልሽ ነው» አላት አንዱ።

«ያን ቀን የተሸከማችሁት ባሌን ነው እንዴ?»

ሰው ሊስቅ ዳዳው። እሷ አልሳቀችም።

«እኅቴ ስታምጥ ትከሻ ጠፋ። ስትቀበር ግን ሁላችሁም ነበራችሁ። አንተም ነበርክ፣ አንተም፣ አንተም» አለች በጣቷ እየጠቆመች። «ለቀብሯ ብትቀሩ ትቀጡ ስለነበር ነው። አልጋዬን ለቅሬው ሰጥቻለሁ፤ ሬሳ አይጫንበት። ምጥ ተጠርቶ የቀረ ደግሞ ለቀብር እንደቀረ ይቀጣ። ሌላ ነገር የለኝም።»

ብዙ ተባለ። ምጥ የሴቶች ጉዳይ ነው ያለም ነበር፤ ሴት ስትሞትስ የማን ጉዳይ ነው ብሎ የመለሰለትም ነበር። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ሰዓዳ አውርዳ እዚያው እያጠባች ጠበቀች። በመጨረሻ አያ ደምሌ «የሚቃወም ይነሣ» አለ። እኅቷን ለመቅበር የወጣ ሰው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል፤ አንድም የተነሣ የለም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ መስመር ሠራሁ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው መልካም ነው፣ መኪናዋም ታስፈልጋለች። ግን ለምትወልድ ሴት መቅረት ለሬሳ እንደ መቅረት እስኪያስቀጣ ድረስ እኔ ዋርካው ሥር ሞተር እያሞቅሁ ከመጠበቅ በቀር የሠራሁት ሥራ አልነበረም።