ወለሉ ዝም ካለ በኋላ

አቃቂ በሰቃ ያለውን ወፍጮ ቤት ከአባቴ ወረስኩ። ፈጪያችንንም አብሬ ወረስኳቸው ማለት ይቻላል። ቅንድባቸው ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቁና ቀኑን ሙሉ በጣውላው ወለል ላይ በባዶ እግራቸው ይሠራሉ።

«ጋሼ፣ ጫማዎ እንዳያልቅብዎ ነው?» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ፈገግ ይላሉ እንጂ አይመልሱልኝም። ደግሞ በዚያ የወፍጮ ጩኸት ውስጥ ማን ለማን ይመልሳል? አስፈጪዎቹ እንኳ የሚነጋገሩት አፍ አፍ እየተያዩ ነበር። አባቴ ጋሼን ሲጠራቸው መጀመሪያ ወለሉን በተረከዙ ሁለቴ ይመታል። ሰው እንዲህ ይጠራል እንዴ እያልኩ በልጅነቴ አፍርበት ነበር፤ ቁጣ ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ወረዳው ስብሰባ ጠራን። አሮጌ ወፍጮውን ከነሞተሩ አስረክቦ ኃይል ቆጣቢ ለሚያስገባ ሰው ከዋጋው የተወሰነውን ወረዳው እንደሚሸፍን ተነገረን። ከተተከለ ከአንድ ወር በኋላ መሐንዲስ መጥቶ አይቶ ያጸድቃል። እኔ ነገር ሲንዛዛ አልወድም፤ በነጋታው ሄጄ ተመዘገብኩ። አሮጌውን ጭነው ሲወስዱት ጋሼ መኪናው ከታጠፈም በኋላ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እርጅና ነው ብዬ ተውኳቸው።

አዲሱን ወፍጮ ወፍራም ጎማ ላይ አስቀመጡት። ባለሙያው ማብሪያውን ተጭኖ ወደ ኋላ ሲል ሁላችንም ጩኸቱን ጠበቅን። አልመጣም። ከሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ግን ይዞር ነበር፤ ፍጥነቱ ከመብዛቱ የተነሳ የቆመ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ዱቄት መውረድ ጀመረ። ባለሙያው ሳቀ፤ እኔ ግን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ፈራሁት፣ በጠራራ ፀሐይ። ውጭ የታክሲ ረዳቱ ሲጣራ ይሰማኛል፣ የራሴ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ከወፍጮው በኩል ግን ምንም የለም፤ ጆንያው ብቻ ቀስ እያለ ይሞላል። አስፈጪዎች እስከ በር መጥተው መብራት የለም ብለው ይመለሱ ነበር።

ጋሼ ደግሞ ባሰባቸው። ከኋላቸው ቆሜ ስጠራቸው አይዞሩም። ደግሜ እጠራለሁ፤ ጀርባቸው አይነቃነቅም። አንዳንዴ መዳፋቸውን ወፍጮው ጎን ላይ ጭነው ረጅም ጊዜ ይቆማሉ። አንድ ቀን እየዞረ ባለው ወፍጮ አጠገብ ቆመው፣ ዱቄቱ ከፊታቸው እየወረደ፣ «ዛሬ አልተነሳም አይደል?» አሉኝ። አንዲት አስፈጪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እኚህ ሰውዬ እዚህ ያሉ አይመስሉኝም፤ ጠበል ውሰጃቸው» አለችኝ። እኔ ግን የመሰለኝ ኩርፊያ ነው። የአባቴን ዕቃ ስላስወጣሁ የቀጡኝ መስሎኝ ተናደድኩ። መሐንዲሱ መጥቶ እንዳጸደቀ ላሰናብታቸው ወሰንኩ።

መሐንዲሱ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው መብራት ሄደ። የቺንጊያው መከለያ ገና አልተሠራም ነበር። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ማብሪያውን ሳያጠፉ ጎንበስ ብለው ቺንጊያውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። አሮጌው መብራት ሲመለስለት መጀመሪያ ያቃስታል፣ ወለሉን ያንዘፈዝፋል፣ ከዚያ ነበር የሚነሳው፤ እጅ ለመሰብሰብ ጊዜ ይሰጣል።

ሚዛኑ ላይ ያለችው አምፖል በራች።

«ጋሼ፣ እጅዎን!»

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። እሳቸው አልዞሩም። ዘልዬ ትከሻቸውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው። ጨርቁ ከእጃቸው ተነጥቆ ከቺንጊያው ጋር መዞር ጀመረ። ጋሼ ጨርቁን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የሚያዩት ግን ዓይኔን አልነበረም። አፌን ነበር የሚያዩት፤ ለካ ሁልጊዜም የሚያዩት አፌን ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰሙት?» አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ።

«አባትሽ በሕይወት እያለ።» ወደ ባዶ እግራቸው ጠቆሙ። «እግሬ ይሰማ ነበር እኮ። ወፍጮው ሲነሳ፣ ሰው ሲገባ፣ ሁሉም በወለሉ ይመጣልኛል። አሁን ወለሉ ዝም አለ። ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አላውቅም፣ ልጄ።»

ላሰናብታቸው እንደነበር አልነገርኳቸውም። እስካሁንም ያሳፍረኛል።

በዚያው ከሰዓት ወፍጮውን አጥፍቼ ብየዳ ቤት ሄድኩና መከለያውን እስኪጨርሱልኝ ቆሜ አሠራሁ። ባለሙያውን ጠርቼም ጎማዎቹን ከወፍጮው ሥር አስወጣሁ። «ወረዳው ላያጸድቅልሽ ይችላል» አለኝ። «ካላጸደቀ ይቅር» አልኩት። ወፍጮው ሲነሳ ጣውላው በስሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ በባዶ እግራቸው ቆመው ነበር፤ ጀርባቸውን ለእኔ፣ ፊታቸውን ለወፍጮው ሰጥተው።

ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ተረከዜን አንስቼ ወለሉን ሁለቴ መታሁ።

«አቤት!» አሉ ወዲያው።

ዞሩ። እኔን ግን አላዩኝም። በደስታ ፈክተው አባቴ ቆሞ ይጠራቸው ወደነበረበት በር ነበር የሚያዩት።