ዝም ያለው ሞተር

አባቴ ጸጥታ ይፈራ ነበር። ነገሌ ላይ ወፍጮ ቤት የከፈተውም ለእንጀራ ብቻ አይመስለኝም። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቀስ እያለ ሲቆም፣ ዱቄት እንደለበሰ ወደ ደጅ ሮጦ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እህል የሚያስፈጩት ሴቶች ለምደውታል። «ጋሼ፣ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ መብራት ነው የጠፋው!» ይሉታል። እኔ ግን አፍር ነበር፤ እናደድም ነበር።

ወፍጮ ከመክፈቱ በፊት የተዋጊ ጄት ሞተር ቴክኒሻን ነበር። መንግሥት ሊለወጥ ባለበት ሰሞን፣ አንድ የልብ ጓደኛው አባቴ ራሱ ፈትሾ ያዘጋጀውን አውሮፕላን ይዞ ተነሣ። የሞተሩ ድምፅ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቁጥቋጦ ማዶ በድንገት ተቋረጠ። አብራሪውም ስብርባሪውም አልተገኘም፤ ሠራዊቱ ወዲያው ተበተነ፣ ማን ይፈልግ? ለአባቴ ግን ነገሩ ያለቀለት ነበር። የዚያ ዘመን ሞተር ዝም ካለ ሞቷል፣ አብራሪውም ሞቷል። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ይዘክርለታል።

እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ሙያውን ተከተልኩ፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር እጠግናለሁ። ለእረፍት ስመጣ ወፍጮው አጠገብ ተቀምጠን ስለ ሞተር እንጨቃጨቃለን። የእሱ ዘመን ሞተር የሳበውን አየር ሁሉ በእሳት ውስጥ አሳልፎ ከኋላው ይተፋል፤ ጩኸቱ ከዚያ ነው። የዛሬው የመንገደኛ ሞተር ፊቱ ላይ ትልቅ ማራገቢያ አለው። አብዛኛው አየር እሳቱን ሳይነካ በዙሪያው ያልፋል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጩኸቱንም እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ተዋጊዎቹም ማራገቢያ አግኝተዋል፤ ፍጥነት ስለሚፈልጉ ግን ጠበብ ያለ ነው፣ ዛሬም ይጮኻሉ። አባቴ ይሰማና «ያልጮኸ ጄት ምኑን ጄት ሆነ!» ይለኛል።

ለእህቴ ሰርግ ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወሰድኩት። አንዴ በጆሮው ቢሰማው ከፍርሃቱ ይድናል ብዬ ነበር። ልናርፍ ዝቅ ስንል አብራሪው ኃይል ቀነሰ። አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ጠፋ!»

«አልጠፋም አባዬ። እየሠራ ነው፤ ድምፁ እንዲህ ነው።»

መሬት እስክንነካ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አዳመጠ። ከዚያ በቀስታ፣ «ለካ ዝም ብሎም ይበራል» አለ።

የጓደኛው ሞተር አሮጌው ዓይነት እንደነበረ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ነገርኩትም። ጆሮው ግን አሁንም መስኮቱ ላይ ነበር። ቅንድብ ላበጅ ብዬ ዓይን አጠፋሁ።

አሁን መብራት እያለ ወፍጮውን ያጠፋል። ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጸጥታውን ያዳምጣል። ዘንድሮ የጓደኛው ሙት ዓመት ሲደርስ እናቴ «ምን እናዘጋጅ?» ብላ ጠየቀችው።

«በሕይወት ላለ ሰው ሙት ዓመት አይዘከርም» አላት።