ሁለተኛ ደረጃ ያልኩት ቁልቁለት

ካርታ መሥራት ማንም አላስተማረኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ሁሉ በነጻ እየገባ የሚያርመውን የኢንተርኔት ካርታ ብቻዬን ተማርኩ። ዛሬ ከከተማው በስተምሥራቅ ካሉት የጫካ መንገዶች አብዛኞቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በልጄም ስልክ ላይ ካርታውን የጫንኩላት እኔው ነኝ።

ካርታው የጫካ መንገድን በአምስት ደረጃ ይከፍላል፤ አንደኛው ጠጣር ነው፣ አምስተኛው ጎማ የሚውጥ አፈር። እኔ ግን የራሴ ሚዛን ነበረኝ። አገር ቤት ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ እኔ የማልፍበት መንገድ ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከጫካው ወንዝ በላይ ያለውን ቁልቁለትም እንዲሁ አልኩት። አንድ የማላውቀው ካርታ ሠሪ «ሲዘንብ ጭቃ ነው» ብሎ ወደ አራተኛ አወረደው። መልሼ ሁለተኛ አደረግኩትና «መንዳት ካልቻልክ መንገዱን አትውቀስ» ብዬ ጻፍኩለት።

በጥቅምት፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጄ ደወለች። ሕፃን ልጇን ይዛ ከሽርሽር ስትመለስ ካርታው በዚያው ቁልቁለት አቋርጪ ብሏታል።

«አባዬ፣ መኪናው እየተንሸራተተ ነው! በቀኝ ገደል ነው!»

«ፍሬኑን አትርገጪ! ማርሹን ዝቅተኛው፣ ሎው ላይ አድርጊ።»

«ካርታው እኮ ጥሩ መንገድ ነው ይላል!»

ኩርባውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። «የወደቀ ግንድ ታያለሽ። እዚያ ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ተጠጊ። ከግንዱ በኋላ ጠጠር ነው።»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። የመኪና ቁልፍ ይዤ በር ላይ ቆምኩ፤ ብበርም አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው፤ የዚያ ሰው «ሲዘንብ ጭቃ ነው» ከሥሩም የእኔ ስድብ ይታያል። ስልኩ እስኪጠራ ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም።

«ጠጠሩ ላይ ወጣን። ሕፃኗ ተኝታለች» አለች። «ይሄን መንገድ ጥሩ ነው ያለው እብድ ግን ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ!» ብላ ዘጋችብኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄጄ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩት። ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። አራተኛ አደረግኩት፤ ለዚያም ሰው «ልክ ነበርክ፣ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልረግጥ ደረጃ አልሰጥም። በዚህ ዕድሜው ጫካውን በእግሩ የመዘነ ሌላ ካርታ ሠሪ ካለ ይምጣና እንተያይ።