የሐሙስ ዕለት ፒኤች

ሁለት ሐይቅ አጠገቡ እያለለት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ዓሣና ኮራል በመስታወት ገንዳ የሚያሳድግ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። የውሃው ፒኤች፣ ዝቅ ባለ ቁጥር አሲድነት መጨመሩን የሚያሳየው ቁጥር፣ ማታ ይወርዳል፣ ቀን ይወጣል፤ ይህ ያለ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን በጠራራ ፀሐይ ይወርድና ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብልብኛል።

ቆይቶ ገባኝ። ሐሙስ የባለቤቴ የጸሎት ኅብረት ሳሎናችን የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ሲዘምሩ ትንፋሻቸው ክፍሉን ይሞላዋል፣ ከዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ፒኤቹን ያወርደዋል።

ታዲያ ለጸሎተኛ ሰው "ትንፋሻችሁ ዓሣዬን ጎዳው" ይባላል? አፍሬ፣ "ዓሣዬን አሞታል፣ አየር ይፈልጋል" ብቻ አልኩ።

መሪያቸው ጋሽ ዳና ከልባቸው አዘኑ። መስኮቶቹን አስከፈቱልኝ። ተገላገልኩ ስል፣ "በሉ እንጸልይለት" ብለው ሁሉንም ገንዳው ዙሪያ አቆሙ። እጃቸውን መስታወቱ ላይ ጭነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ዓሣው ጸለዩ። እኔም ዓይኔን መለኪያው ላይ ተክዬ አሜን እላለሁ። ፒኤቹ ቀስ እያለ ወጣ። መስኮቱ ነው ብል ማን ይሰማኛል።

በሩ ተንኳኳ። ጩኸቱ ጎረቤት ረብሾ ይሆናል ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስወጣ፣ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር የሚያነክስ ፍየላቸውን በገመድ ይዘው ቆመዋል።

"ከዓሣው ቀጥሎ ተረኛ አለ?" አሉኝ።